ለአባቴ፣ የዘፈን ሸክላን የሙዚቃ መሣሪያ ስላደረጉ ሰዎች

ይድረስ ለተወደዱ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ሌላ ሰው የደከመበትን ሙዚቃ እየቆራረጠ የሚያሰማ እንዴት የጥበብ ሰው ይባላል?» ያሉኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። በስልክ የሚቋጭ ነገር ስላልሆነ ብዕር አነሣሁ።

በሐሳብዎ የመጣው ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያፈራርቅ ዲጄ ነው። እኔ የምሟገትላቸው ሰዎች የሸክላ ማጫወቻውን ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ይጫወቱታል። ከሸክላው ሥር ስስ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሞተሩ ከታች መሽከርከሩን ሳያቋርጥ አንድ እጅ ሸክላውን ይይዛል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ይለቃል። ሌላው እጅ የሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ ማደባለቂያውን፣ መግፊያ እየከፈተና እየዘጋ ድምፁን ይቆርጣል። ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ የመለከት ድምፅ፣ እጅ ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። እንደ ማሲንቆ ሁሉ ጆሮ ካልመራው ጣት ብቻውን የትም አይደርስም። ይህንን ስክራች የሚሉትን ስልት የጀመረው በኒውዮርክ ብሮንክስ የሚኖር ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የሚባል ልጅ እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። እሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ እናቱ ስለ ጩኸቱ ልትቆጣው ስትገባ ሸክላውን በእጁ ያዘ፤ እጁ ሲንቀሳቀስ የሰማውን ድምፅ አልረሳውም።

«ድምፁ የራሳቸው አይደለም» በሚለው ላይ አጥብቄ እከራከርዎታለሁ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን የሚጫወት አዝማሪ ቅኝቶቹን አልፈጠራቸውም። እርስዎም አንዱን ሲያደንቁ «ከየት አመጣው?» ሲሉ ሰምቼዎት አላውቅም፤ «እንዴት አድርጎ ተጫወተው!» ነው የሚሉት። በዚያው ሚዛን እነዚህንም ይመዝኑልኝ። የባለቤቱ ስም ሳይነሣና ድርሻው ሳይከፈለው ሲቀር ግን በደል ነው፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልንገርዎ። ክርስቲያን ማርክሌይ የሚባል፣ በጄኔቫ ያደገ አሜሪካዊ ሠዓሊና ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1985 ያለ ሽፋን የሚሸጥ ሸክላ አሳተመ። በመከላከያ ልባስ ውስጥ እንዳይቀመጥ እዚያው ሸክላው ላይ ተጽፎበታል። አቧራው፣ ጭረቱ፣ የጣት ዐሻራው ሁሉ የሙዚቃው አካል እንዲሆን ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በገዢው ቤት እንደ አያያዙ ይለወጣል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቅጂ አይገኝም።

አምሐ እሸቴ ያሳተማቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በሁለት መዳፍ ጠርዝ ጠርዛቸውን ይዘው፣ በለስላሳ ጨርቅ እየጠረጉ ያኖሩ አባት ይህንን ጥፋት ቢለው አይገርመኝም። ነገር ግን ያን የትዝታ ሸክላዎን ያስታውሱ። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ መርፌው ጭረት ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል። በቤታችን ዘፈኑን የሚያንጎራጉር ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። በኋላ ያንኑ ዘፈን ጥርት ብሎ በስልኬ ሳሰማዎት «ይህስ የእኛው አይደለም» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ማርክሌይም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጊዜ በሸክላ ላይ የጻፈውም ይደመጣል።

ሁሉንም አላደንቅም። በውድድር መድረክ ላይ በፍጥነት ብቻ የሚፎካከሩ አሉ፤ ጀርባቸውን አዙረው ወይም በክርናቸው ሸክላውን ሲነኩ ተመልካቹ ያጨበጭብላቸዋል። ያ ለእኔ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ማሪያ ቻቬዝ የምትባል የፔሩ ተወላጅ ግን በተሰባበሩ ሸክላዎችና በተበላሹ መርፌዎች ቀስ ብላ ትጫወታለች፤ የሚመጣው ድምፅ ምን እንደሚሆን አስቀድማ ሳታውቅ፣ እየሰማች ትከተለዋለች። ይህ ድፍረትም ጥበብም ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት እንዲሰሙልኝ የምፈልገው እንግሊዛዊውን ፊሊፕ ጄክን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከሌላ አርቲስት ጋር ባቀረበው ሥራ 180 አሮጌ ማጫወቻዎችን በአንድ ላይ አሰምቷል። እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ከሥራዎቹ አንዱን ትከፍትልዎታለች። ምት አይጠብቁበት፤ እስከ መጨረሻው ይታገሡት። ሙዚቃ አይደለም ካሉ ደግሞ የቱ ጋ እንደራቀብዎት ጽፈው ይላኩልኝ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሄጄ ደግሜ አዳምጠዋለሁ።

ለእግርዎ ሕመም ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት አያቋርጡ።

አክባሪ ልጅዎ