ጥቁሩ ልዑል ለምን ነጭ መሆን ፈለገ? ለትምህርት ሚኒስትሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልዎ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ ስለሚያነቧቸው የድሮ ልብ ወለዶች ነው።

በቅርቡ አንድ ማታ ለሰባት ዓመት ልጄ ተውሶ ያመጣውን መጽሐፍ እያነበብኩለት ነበር። ከእንስሳት ጋር የሚያወራው የዶክተር ዱሊትል ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1920። ልጄ በጦጣውና በበቀቀኗ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ቡምፖ የሚባል አፍሪካዊ ልዑል መጣ። ተረት ማንበብ ይወዳል። በተረት የሚያውቃትን እንቅልፋሟን ቆንጆ ብዙ ፈልጎ አገኛት፣ ሳማት፣ ነቃች፣ ግን ፊቱን ስታይ «ጥቁር ነው!» ብላ ጮኻ ሸሸች። ስለዚህ ዶክተሩን «ነጭ አድርገኝ» ብሎ ይለምነዋል፤ ዶክተሩም መድኃኒት በጥብጦ ፊቱን እንዲነክርበት ያደርጋል።

ልጄ ሳቁን አቆመ። የገዛ እጁን አየት አደረገና «ጥቁር ስለሆነ ነው የሸሸችው?» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ተረት እኮ ነው» ብዬ ገጹን ገለጥኩ። ያ መልሴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጽሐፉን ልመልስ ስሄድ እዚያው መደርደሪያ ላይ የዚሁ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው እትም ጀምሮ ልዑሉ ነጭ ልሁን የሚልበት ክፍል ተቆርጧል። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚነግር አንዲት መስመር እንኳ የለም። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደሚያነብ ዕድል ነው የሚወስነው ማለት ነው።

መቁረጥ ብቻውን መፍትሔ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን የቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካውን ታሪክ ይውሰዱ። በመጀመሪያው እትም የፋብሪካው ሠራተኞች ኡምፓ ሉምፓዎቹ ባለፋብሪካው ከአፍሪካ ጫካ ያመጣቸው ጥቁር ድንክዬዎች ነበሩ። ተቃውሞ ሲበዛ በ1973 ቆዳቸው ሮዝማ ነጭ ተደረገ። በሣጥን ተጭነው መምጣታቸውና በካካዎ ፍሬ መከፈላቸው ግን እንዳለ ነው። ቀለሙ ተቀየረ፣ ጌትነቱ አልተነካም፤ ይህንን ደግሞ ልጅ ብቻውን አንብቦ አይደርስበትም፣ አብሮት የሚያወራ ትልቅ ሰው ይፈልጋል።

ቃል መተካትም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ አሳታሚ የሃክልቤሪ ፊን ታሪክ በተባለው የድሮ የአሜሪካ ልብ ወለድ ላይ ያለውን የጥቁሮች መስደቢያ በሙሉ «ባሪያ» በሚል ቀየረው። ይህንን ወደ አማርኛ መልሱት እስቲ! በእኛ አፍ «ባሪያ» ራሱ ስድብ አይደለም እንዴ? ያ መጽሐፍ ደግሞ ባርነትን የሚያወግዝ ነው፤ ጎረምሳ ከመምህሩ ጋር ቢያነበው ብዙ ይማርበታል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ ወይም ይታገዱ አልልም። የምለምንዎ፣ ገና ማንበብ የጀመሩ ልጆች በሚያነሱት መደርደሪያ ላይ የድሮዎቹ እትሞች እንዳይቀመጡ፣ በየመጽሐፉ ውስጥ የትኛው እትም እንደሆነና ምን እንደተቀየረ በግልጽ እንዲጻፍ፣ ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ ዋናው ጽሑፍ ሳይቆረጥ ከመምህር ጋር እንዲነበብ ነው። መምህራኑም ለዚህ ይዘጋጁ። አንዱን መምህር ስለ ቡምፖ ብጠይቀው «የድሮ መጽሐፍ ነው፣ ብዙ አትጨነቅ» ነው ያለኝ፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ከዚያ የተሻለ አልመለስኩም።

ግዢውንም ይመልከቱልኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባለች አሜሪካዊት በሦስት ዓመት ውስጥ የወጡ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን አጥንታ ጥቁር ሰው ያገኘችው በ349ኙ ብቻ ነበር። ዛሬም «ክላሲክ» እያልን የምንገዛው አብዛኛው ከዚያ ዘመንና ከዚያ በፊት የተጻፈው ነው። ልጄ ከቡምፖ ቀጥሎ የሚያነሳው መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የሚወድ ጥቁር ልዑል ቢያገኝ ምን አለበት?

ደብዳቤ ምን ይለውጣል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ አንድ ዝነኛ የልጆች መጽሐፍ ስለ አሜሪካ ሜዳማ ምድር ሲያወራ «ሰው አልነበረም፣ ኢንዲያኖች ብቻ ነበሩ» ይል ነበር፤ ኢንዲያኖች የሚላቸው የአገሩን ነባር ሕዝቦች ነው፣ እንደ ሰው አልቆጠራቸውም ማለት ነው። አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጽፎ ከ1953 ጀምሮ «ሰው» የሚለው «ሰፋሪ» በሚል ተተካ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት ልጅ አንብቦት ይሆን?

ምላሽዎን እጠብቃለሁ። ልጄም ያችን ጥያቄ ደግሞ ጠይቆኛል።

አክባሪዎ፣
አንድ ወላጅ