ይድረስ ለአባቴ፦ ከሥላሴ እስከ በሬሳ በእግርና በባጃጅ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መጥተው እኛ ዘንድ እንደሚሰነብቱ ሲነግሩን ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ስላለዎት፣ እኔ ሥራ ስውል ከልጆቹ ጋር የሚሄዱበትን መንገድ ከወዲሁ ልጻፍልዎ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንዎ፤ የጀመርኩትን በእግሬ ካልጨረስኩ አይበሉ። ለጉልበትዎ የሚከብደውን ለባጃጅ ይተዉለት፣ የሚመቸውን በእግርዎ ይሂዱ። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ይቻላል።

ከሸዋ ሮቢት ሲነሱ በጠዋቱ ይሁን። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ፣ ቀድመው መናኸሪያ ከደረሱ ጋቢና ያገኛሉ። ከኋላ እግር መዘርጊያ የለም፤ ጉልበት ከሁለት ሰዓት በላይ ታጥፎ ከቆየ ሲወርዱ አልዘረጋም ይላል። ጋቢና ከሌለ በበሩ በኩል ያለውን ወንበር ይጠይቁ፤ ለሽማግሌ የሚነፍግ የለም። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ከቆመ ለቆሎው ብቻ ሳይሆን ለእግርዎም ይውረዱ። ጋቢዎን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፣ እጅዎ ላይ ይሁን። ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840፤ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ያስፈለፈለውን ዋሻ ሲያልፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ብርዱ በ10 ዲግሪ ያህል ይለያል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ሮቢት ላይ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከግቢ ብዙ አይራቁ። ልብ ቶሎ ቶሎ ቢመታ፣ እንቅልፍ ቢቆራረጥ፣ ራስ ትንሽ ቢከብድ ከፍታው ነው፤ ውሃ እየጠጡ ሲያርፉ ይቀልላል። ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከተጫነዎት ግን ያድራል አይበሉ፤ ያኑ ጊዜ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

በሦስተኛው ቀን ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንጀምር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1456 በሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፣ ቤተ መንግሥታቸውንም የተከሉት በዚህ ከተማ ነው። የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን በዚያው ዓመት የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ንጉሡ ከዘመናቸው መጨረሻ ብዙውን የኖሩት እዚሁ ነው። ይህን ለልጆቹ እርስዎ ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሙዎታል። ወር በገባ በ7 የሥላሴ ዕለት ስለሆነ ሰዉ ይበዛል፤ ለመሳለም ከሆነ መልካም፣ ለእግር ጉዞ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ። ጫማዎ በቀላሉ የሚወልቅ፣ ተረከዙ ግን የሚይዝ ይሁን። ነጠላ ጫማ ድንጋይ ላይ እግርን ያንሸራትታል።

ከሥላሴ ወደ በሬሳ ወንዝ መንገዱ ቁልቁል ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለት ለትንፋሽ ቀላል ስለሆነ መውረዱን በእግር፣ መመለሱን በመኪና ያደርጉታል። ቁልቁለት ግን ጉልበት ይፈጃል፤ የሰውነት ክብደት በየእርምጃው የታጠፈ ጉልበት ላይ ያርፋል። ዳገት ደግሞ ትንፋሽ ይፈጃል። የእርስዎ ችግር ጉልበት ነው፣ ስለዚህ ይገልብጡት። ከሥላሴ ወደ ወንዙ በባጃጅ ይውረዱ፣ እዚያ ሜዳ ሜዳውን ይራመዱ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲመለሱም በባጃጅ። በሁለተኛው ሳምንት ዳገቱን ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ በእግር ይሞክሩት፤ ደከመኝ ካሉ እጅዎን ማንሳት ነው። ለዚህም ብለው ከአስፋልቱ ብዙ አይራቁ። ባጃጅ የሚመላለሰው በዋናው መንገድ ነው፤ ወደ ውስጥ ሰፈር ከገቡ በኋላ ቢደክምዎት እስከ አስፋልቱ በእግርዎ መውጣት ግድ ይሆናል።

ባጃጅ ሲሳፈሩ "በሰው ነው ኮንትራት?" ብለው ቀድመው ይጠይቁ። ብቻዎን ስላዩ ኮንትራት መስሎት ቢነዳ፣ ሲወርዱ የሚጠይቅዎት ሌላ ሂሳብ ነው። ዝርዝር ብር ደረት ኪስዎ ውስጥ ይያዙ። ሲገቡ እግር አያስቀድሙ፤ ጀርባዎን ሰጥተው ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ጭንቅላትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያስገቡ። ሲወርዱም ሁለቱን አውጥተው መሬት ካስረገጡ በኋላ ይነሡ። መውረድ በቀኝ፣ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ብቻ ነው። ሾፌሩ ቢቸኩል "ቆይ ልጄ" ይበሉት፣ ይቆያል።

በሬሳ ዘንድ ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ማየት አያብዙ፤ የደሴና የአዲስ አበባ ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሲሻገሩ በግራ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት ወገን ይሂዱ። ከድልድዩ ወዲያ ዳርቻውን መከተል የሚቻለው በበጋ ብቻ ነው። የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ ዋልካው ጫማ ላይ ተለጥፎ እግር ያከብዳል፣ የወንዙ አፋፍም ከሥሩ ስለሚሸረሸር ጫፉን አይርገጡ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ ይከልክሉልኝ፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። ደግሞ ይህን ይወዱታል ብዬ ነው፤ የእርስዎ ሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በሬሳ ግን ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በሚኒባሱ ጣርማ በርን ሲያልፉ ከአንዱ የውሃ አገር ወደ ሌላው ተሻገሩ ማለት ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ኮብልስቶኑ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ያንሸራትታል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላልና ባርኔጣዎን አይርሱ። 15 ደቂቃ ተራምደው 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ በመጀመሪያው የጉዞ ቀን ይህን አንዴ፣ ከተስማማዎት ከሳምንት በኋላ ሁለቴ። ፍጥነቱን የሚለኩት እንዲህ ነው፤ እየተራመዱ "አባታችን ሆይ" ይድገሙ። ቃል መሐል ትንፋሽ ከቆረጠዎት ፈጥነዋል፣ ቀስ ይበሉ። በማግሥቱ ጠዋት ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ከወትሮው ከጠነከረብዎት የትናንቱ በዝቷል፤ አንድ ቀን አርፈው በግማሹ ይጀምሩ።

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ በባዶ ሆድ፣ ውሃም ሳይቀምሱ ከፀሐይ ጋር መራመዱ ያዞራል። የደም ግፊቱ ክኒን ሲጨመርበት ይብሳል። በእነዚያ ቀናት ከበላን በኋላ በሰፈር ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር ማለት ይበቃል። ክኒኑን ግን ለመንገዱ ብለው ሰዓቱን አይቀይሩ፣ ሐኪሙን እንጠይቃለን። ከወንበርም ከባጃጅም ሲነሡ ቆም ብለው፣ ዓይንዎ ከጠራ በኋላ ይራመዱ።

የቀረው ዱላዎ ነው። ትከሻ ላይ የሚያጋድሙት ረጅሙ ዱላ ለዚህ አይሆንም፤ ክርንን ወደ ላይ ስለሚሰቅል ክብደት አይቀበልም። ጫማዎን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁ። የዱላው ራስ የእጅ አንጓዎ ዘንድ መድረስ አለበት፣ ሲይዙት ክርንዎ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። የሚያዘውም በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ የታመመው እግር ሲራመድ ዱላው አብሮ ይራመድ። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ጫፉ እንጨት ብቻ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ያመልጣል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው ያስመቱበት፤ ምስማሩ ወደ ጎማው ውስጥ ጠልቆ ካልገባ ግን ጎማው ሲያልቅ ምስማሩ ድንጋዩን ይነካና ከእንጨቱ የባሰ ያንሸራትታል።

እዚያ ሳሉ ዱላውን በዚህ ልክ ያስቆርጡት፣ አለበለዚያ የአንጓዎን ቁመት በገመድ ለክተው ይላኩልኝና እኔ እዚህ አስጠርባለሁ። የባሰብዎት የትኛው ጉልበት እንደሆነም ይጻፉልኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ ይደውሉ፤ መናኸሪያ ቆሜ እቀበልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከደብረ ብርሃን