ፎቶው አልዋሸም፣ የዋሸው ከላዩ የተጻፈው ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር ክፉኛ ተከራከርን። ሰበቡ በየስልኩ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ፎቶ ነው። ጣና በእምቦጭ ተሸፍኖ የግጦሽ መስክ መስሏል፤ ከላዩ «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶው የቆየ ነው፣ እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አይቼዋለሁ። ግማሾቹ «ፎቶው ውሸት ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ መች ለቀቀን? ምኑ ነው ውሸቱ?» ብለው ተቆጡ። ጀልባ የሚያንቀሳቅሰው ጓደኛችን ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ፎቶውን ያዩ እንግዶች ደውለው ጉዞ ሰርዘውበታል።

እኔ ሁለቱም ወገን ስተዋል ባይ ነኝ። ፎቶ ያሳያል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ እውነትም ውሸትም አይባልም። ውሸቱ «ዛሬ ጠዋት» የሚለው ነው። ያንኑ ፎቶ «ያኔ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚለጥፍ ሰው እኮ እውነት ተናገረ።

ታዲያ እውነት የሚባለው ዓረፍተ ነገሩ ነው? እሱም አይመስለኝም። «ሐይቁ ሞልቷል» የሚለውን መስከረም ላይ ብትሉት እውነት ነው፣ ግንቦት ላይ ብትደግሙት ውሸት ይሆናል፤ ከቃሉ ግን አንድ ፊደል አልተቀየረም። ደግሞ ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። አንዱ ስንኝ ሁለት ነገር ይላል፣ ሰሙ ሐሰት ሆኖ ወርቁ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት የቃሉ ቢሆን ኖሮ ያ ስንኝ በአንድ አፍ እውነትም ሐሰትም ሆነ ማለት ነበር። (ገበያ ላይ «እውነተኛ የዘጌ ቡና» ስንል ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ያልተቀላቀለ፣ ከዘጌ የመጣ ማለታችን ነው።)

ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው ሐሳቡ ነው፣ ማለትም በዓረፍተ ነገሩ የሚባለው ነገር ነው ይላል። መቼ የሚለውም የሐሳቡ አካል ነው፤ ያለ እሱ ሐሳቡ ጎደሎ ነው። ማንም ባያስበው እንኳ እውነትነቱ አይቀርም ይላል። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። የጣና ጥልቀት ትልቁ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ገመድ አውርዶ የለካ ሰው ከመኖሩ በፊት፣ ውኃው ላይ የደንገል ታንኳ ብቻ በሚሄድበት ዘመንም፣ የዚያን ጊዜው ጥልቀት የሆነ ልክ ነበረው። ማንም አልተናገረውም፣ እውነት ግን ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሐይቁን ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ ቀን፣ ወርና ዓመት ጻፉልን፣ ከየትኛው ዳር እንደተነሳም ጭምር። ትንሽ ቦታ ነው የሚወስድባችሁ። ጓደኛችን ደግሞ ለሚደውልለት እንግዳ ጋዜጣውን አንስቶ ማንበብ ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር