ከዘፈኑ በኋላ ሶፋው ላይ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን 34 አባላት ነበሩት። የሰልፍ ዜናው፣ የወላጆች ቀን ዝግጅቱ፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። እነሱን ሁላችሁም ስላያችኋቸው አልደግማቸውም። መጻፍ የምፈልገው የዓርብ ፕሮግራማችንን ስለለወጠው ነገር ነው።

ኅዳር ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይቺ ሴትዮ እንደዚያ ከዘፈነች በኋላ እንዴት እንደዚህ ትስቃለች?» አለችኝ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ቤቨርሊ ሲልስ ነበረች፣ አሜሪካዊቷ የኦፔራ ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ)። ዘፍና ስትጨርስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ከጆኒ ካርሰን ጋር ትጫወታለች።

ካርሰን «ዘ ቱናይት ሾው» የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን የእንግዳ ፕሮግራም ከ1962 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ መርቷል፤ ሠላሳ ዓመት። ፕሮግራሙ ይጀምር የነበረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡30 አካባቢ፣ ሰው ወደ አልጋው በሚሄድበት ሰዓት ነው። ጠረጴዛ፣ ሶፋ፣ ባንድ። ሰይፉ በኢቢኤስን የሚያይ ልጅ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል። እዚያ ሶፋ ላይ ከፊልም ተዋናዮችና ከኮሜዲያን ጎን የኦፔራ ሰዎችም ይቀመጡ ነበር። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ተቀምጧል። ሲልስማ ካርሰን በሌለበት ቀን በእሱ ቦታ ሆና ፕሮግራሙን መርታ ታውቃለች።

ልጆቹ ስለ እሷ ብዙ አነበቡ። የተወለደችው ብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ሴት ልጇ መስማት የተሳናት ነበረች። በዚያች አገር ትልቁ በሚባለው በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችው በ1975 እ.ኤ.አ.፣ በ45 ዓመቷ ነው። ያኔ ኦፔራ ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ በቴሌቪዥን ያውቃት ነበር። ይህ ታሪክ ክፍሉን ዝም አሰኘው። አንዱ ልጅ «እኛ ግን ዘፋኙን አጨብጭበን ነው የምንሸኘው» አለ። እውነቱን ነው። ስንት ዓመት እንደዚያ ስናደርግ ኖረናል።

መጀመሪያ ግን ድምፁ ላይ ብዙ ቆየን። ታኅሣሥ ውስጥ ልጆቹ እንደ ኦፔራ ሰዎች በሙሉ ድምፅ ለመዝፈን ሞከሩ፤ ማይኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው። ስፒከሩ ተንጫረረ፣ ድምፁ ተቀደደ። የፊዚክስ መምህራችን መጥተው ምክንያቱን አስረዱን። የኦፔራ ዘፋኝ የሚሠለጥነው ያለ ማይክ ለመዝፈን ነው። ሜትሮፖሊታን 3,800 ያህል መቀመጫ አለው፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰውም መስማት አለበት። የኦርኬስትራ ድምፅ ኃይሉ የሚበዛው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው)። የሠለጠነ ድምፅ፣ በተለይ የወንዶች፣ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይደምቃል። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ይሳሳል፣ ጆሯችን ደግሞ ንቁ ነው። ዘፋኙ ኦርኬስትራውን በጩኸት አይበልጠውም፤ ባዶ የተተወለትን ቦታ ነው የሚይዘው። ያን ድምፅ ከማይክ ጋር ስታገናኘው ግን ራቅ ማለት ግድ ነው። ልጆቹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ስፒከሩ መንጫረሩን አቆመ። የሰልፍ ዜና አንባቢዎቻችንም ከዚያ ወዲህ ማይክ አይውጡም።

ከየካቲት ጀምሮ የዓርቡን ፕሮግራም ቀየርነው። ከመምህራን ማረፊያ አሮጌውን ሶፋ ተውሰን አዳራሹ መድረክ ላይ አደረግን። ዘፈንም ይሁን ግጥም ያቀረበ ሰው ከመድረክ አይወርድም፤ ይቀመጣል፣ ይጠየቃል። መጀመሪያ ጥያቄዎቹ ደረቅ ነበሩ። «ስምህን ብታስተዋውቅ?» «ምን መልእክት ታስተላልፋለህ?» እኔም ከዚህ የተሻለ አላስተማርኳቸውም ነበር። ቀስ በቀስ ግን እንግዳው የተናገረውን ሰምተው ከዚያው ላይ መጠየቅ ጀመሩ። እኔ የዓመቱ ትልቁ ሥራ የምለው ይህን ነው። ወረቀቱን ዘቅዝቆ ሰው ዓይን እያዩ መጠየቅ ለ15 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ግንቦት ላይ የበር ጥበቃችንን ጋሼን ጋበዝናቸው። በወጣትነታቸው የቀበሌ ኪነት ውስጥ እንደነበሩ ማናችንም አናውቅም ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ዘፈኑ። ከኋላ ያሉት ልጆች ሁሉ ሰሟቸው። ከዚያ ተቀመጡ። ያቺው ቪዲዮውን ያመጣችው ልጅ ነበረች ጠያቂዋ። «ጋሼ፣ ማይክ አልፈለጉም እኮ» አለቻቸው።

«ማይክ አንድ ነበር ልጄ፣ እሱም የአቀንቃኙ ነው። እኛ ተቀባዮቹ በጉሮሯችን ነበር የምንሠራው።»

ወረቀቷ ላይ ሌላ ጥያቄ ተጽፎ ነበር። ተወችው። «ታዲያ ማን ነበር አቀንቃኙ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና ስለ አንድ ጓደኛቸው ማውራት ጀመሩ። የረፍት ደወል ተደውሎ እንኳ አንድም ልጅ አልወጣም።

ቃለ ምልልሱ ተቀድቶ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። መስማት የሚፈልግ ሁሉ ዓርብ በምሳ ሰዓት ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው።