ለደንበኞቻችን፦ ከቅበላ በፊት ደውሉልን

ውድ ደንበኞቻችንና ቤተሰቦቻችሁ፣ እንደምን አላችሁ?

ዓቢይ ጾም እየቀረበ ስለሆነ ይሄን ደብዳቤ ለሁላችሁም እየላክን ነው፣ ለሱስ የምትታከሙትም ከምግብ ጋር የተጣላችሁትም አንብቡት። ክሊኒካችን ትንሽ ናት፣ ሁለት ሳይካትሪስት፣ አንድ ሳይኮሎጂስትና ሁለት ነርሶች ነን፣ እና በየዓመቱ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ስልካችን እረፍት የለውም። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው፣ ሰው በቅበላ እሁድ እስኪበቃው ይጠጣና ሰኞ "በቃ ለጾሙ ትቻለሁ" ብሎ ባንዴ ያቆማል።

መተዉ በጣም ደስ ይለናል። ግን በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ ለኖረ ሰው፣ በተለይ ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ መለኪያ ሳይቀምስ ለማይረጋጋ ሰው፣ ባንዴ ማቆም ሊገድል ይችላል። አንጎል አልኮሉ ሲያደነዝዘው ለመቋቋም ብሎ ዓመት ሙሉ ነዳጅ ሲረግጥ ነው የኖረው፣ አልኮሉ ፍሬን ነበር፣ ፍሬኑ በድንገት ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፣ የሚጥለው (ራሱን ስቶ የሚያንቀጠቅጠው) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፣ ከባሰ ደግሞ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መሀል ሰውዬው የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ሌሊቱን ማምታታት፣ ማተኮስ ይጀምራል። ይሄኛው ሆስፒታል እንጂ ቤት የሚታከም አይደለም።

አንድ ሹፌር ደንበኛችን ታሪኬን ጻፉት ብሎ ፈቅዶልናል። ቅበላ ማታ አረቄ ጠጥቶ አቆመ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ይዞ ቁጭ ባለበት ብርጭቆው ከእጁ ወደቀና መሬት ላይ ተንቀጠቀጠ። ቤተሰቡ ክብሪት ጭረው አሸተቱት፣ ጎረቤት ደግሞ ምላሱን እንዳይነክስ ብሎ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሲያስገባ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን እባካችሁ ክብሪትም ማንኪያም ይቅር፣ በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ልብስ ነገር አድርጉለት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቢተወውም የመጀመሪያው ከሆነ በዚያው ቀን ይታይ።

ሌላው ግሉኮስ ነው። ሰው ሲደክመው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ማሰቀል ልማዳችን ነው፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ ዋን አልቆ ሊሆን ስለሚችል ያለሱ ስኳር ሲገባለት አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚ አታፍሩ፣ "እጠጣለሁ" በሏቸው፣ ቢ ዋኑን ቀድመው ይስጧችሁ።

እኛ ጋ ስትመጡ የምናደርገው ቀላል ነው። ስንት እንደምትጠጡ፣ ከዚ በፊት ጥሏችሁ እንደሚያውቅ እንጠይቃለን፣ ከዛ ቤት መታከም ለሚችለው ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት በመጠን አዘን እየቀነስን በሳምንት ውስጥ እናስጨርሳለን፣ አብሮት የሚያድር አንድ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። ጥሎት ለሚያውቅ ወደ ሆስፒታል እንጽፋለን። አማኑኤል ስንል ፊታችሁ እንደሚቀየር እናያለን፣ የሆስፒታሉ ስም ለስንት ዓመት ስድብ ሆኖ ስለኖረ ነው፣ ግን እዛ ስንት ሰው ድኖ ወጥቷል።

ጫት ለብቻው ሲቆም እንዲህ አይጥልም፣ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ሀዘን፣ ዱካክ ያመጣል፣ መሞት የሚያስመኝ ሀዘን ከሆነ በዚያው ቀን ደውሉ። የምንፈራው ጨብሲውን ነው፣ "እኔ ጫት ብቻ ነው" ብሎ የመጣው ሰው ምርቃናውን ለማብረድ ማታ ማታ ስንት እንደሚጠጣ ራሱም ቆጥሮት አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ምግብ። ራስን ማስራብ ወይም የበሉትን ሆን ብሎ ማስመለስ በሽታ ነው፣ በኛ ሀገር ግን ጾም ውስጥ ይደበቃል፣ ልጅቷ "እየጾምኩ ነው" ካለች ማን ይጠረጥራል? የሚያስመልሳትንም ለዓመታት ጨጓራ ነው እየተባለ መድኃኒት ስትውጥበት ትኖራለች። እኛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፣ "ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናትስ?" ያኔ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ያኔም ሰበብ ፈልጋ ከገበታ የምትሸሽ ከሆነ ነገሩ ጾም አይደለም። እጇን እዩ፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ እየከተተች የምታስመልስ ልጅ የጣቷ አንጓ ላይ ጥርስ የላጠው ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ወፍራም ናት ወይ ደህና ናት ብላችሁ አትለፉት፣ ቶሎ ቶሎ ማስመለስ ፖታሲየም የሚባለውን የደም ማዕድን ያወርዳል፣ እሱ ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል፣ ደም የምናስመረምረውም ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) የምናስነሳውም ለዛ ነው። ወንዶችም ይታመማሉ።

በጣም ከስታ የቆየችን ልጅ ደግሞ ፋሲካ ነው ብላችሁ ባንዴ ዶሮ ወጥ አታጨናንቋት፣ ጤነኛውን ጿሚ ሳይሆን ለሳምንታት ሳይበላ የኖረውን ነው የምንለው፣ የተራበ ሰውነት ምግብ ሲጎርፍበት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ወርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ቀስ በቀስ፣ በሀኪም ክትትል ነው የሚጀመረው።

አትጹሙ አላልንም፣ የኛ ሥራም አይደለም። ቤተክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታቀልላለች፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ከፈለጋችሁ በሽታውን ሳንጠቅስ "በህክምና ላይ ናት" የሚል ወረቀት እንጽፋለን። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ለወላጆች፣ ክፍያውን እናንተ ብትከፍሉም ልጃችሁ የነገረችንን አንነግራችሁም፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር። ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን፣ ግን እናንተ ጋ ይደርሳል ብላ ከጠረጠረች ለኛም አትነግረንም፣ ያኔ ማንም አያውቅላትም።

እስከ ቅበላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለ ቀጠሮ እናያለን። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። ደረጃውን መውጣት ከከበዳችሁ ወይም ሰው ያየኛል ካላችሁ ታች ሆናችሁ ደውሉ፣ ነርሳችን ወርዳ በጓሮ በኩል ታስገባችኋለች።