ነፃ ንግዱ ለባለ አንድ የስፌት መኪናውም ይድረስ፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የላኪዎችን ሰነድ በማዘጋጀት እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። «ቀጣናዊ ትስስር» ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ፎርም፣ ማኅተምና ወረፋ ነው። ደብዳቤዬም እዚያው አካባቢ ስለሚሽከረከር ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሀገራችን፣ የአፍሪካ ሀገሮች እርስ በርስ ቀረጥ ለመቀነስ በተስማሙበት በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስር ዕቃ መላክ ጀምራለች። ዘግየት ብንልም ደስ የሚል ነው። ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ የተፈረመው በማርች 2018 ነው (ሰነዶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ስለሚቆጠሩ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ)። እኛ በ2019 አጸደቅነው። ንግዱ በይፋ ተጀመረ የተባለው በጃንዋሪ 2021 ሲሆን፣ የእኛ የመጀመሪያ ጭነት የተሸኘው በኦክቶበር 2025 ነው። ያለፈው አለፈ። ከአሁን በኋላ በዚህ ስምምነት የሚጠቀመው ማን ነው? የእኔ ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ነፃ ንግድ ሲወራ ወሬው ሁሉ ቀረጥ ላይ ያርፋል። ቀረጥ ይነሳል፣ ዕቃ ይረክሳል፣ ገበያ ይሰፋል። ውሸት አይደለም፤ ግን የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። የዓለም ባንክ በ2020 ባወጣው ጥናት ስምምነቱ በሙሉ ከተተገበረ በ2035 የአህጉሩ ገቢ በ450 ቢሊዮን ዶላር ሊጨምር ይችላል ብሎ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ 292 ቢሊዮኑ ይገኛል የተባለው የጉምሩክ አሠራርን በማቅለልና ቢሮክራሲን በመቀነስ ነው። ግምት ግምት ነው፤ በቁጥሩ አልምልም። አቅጣጫው ግን በየቀኑ ከማየው ጋር ይገጥማል። ነጋዴን ቀረጥ ያማርረዋል፤ ሥራውን የሚያስተወው ግን «ነገ ተመለስ» ነው።

አንድ ሸሚዝ ላንሳ። ጨርቁ ከቻይና፣ ክሩ ከህንድ፣ ቁልፉ ከሌላ ቦታ መጥቶ እዚህ ተቆርጦ እዚህ ተሰፋ። ይህ ሸሚዝ የኢትዮጵያ ነው? በነፃ ንግዱ ለመጠቀም የስሪት ሀገሩ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አለበለዚያ የሌላ አህጉር ዕቃ በአንዱ አባል ሀገር በኩል ሾልኮ ሁሉም ጋ ያለ ቀረጥ ይገባል። ሕጉ ተገቢ ነው። ግን ቀላል አይደለም፤ አባል ሀገራቱ ራሳቸው በልብስና በመኪና ላይ ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። ትልቅ ፋብሪካ ለዚህ ባለሙያ ይቀጥራል። አምስት የልብስ ስፌት መኪና ያላት ሴትዮስ? ጨርቁን የገዛችው ከጅምላ ነጋዴ ነው። ደረሰኝ ካገኘች ዕድለኛ ናት። የጨርቁን መነሻ በምን ታረጋግጥ? በጃንዋሪ 2022 ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል (አጎዋ) ሲቋረጥብን የተጎዱት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አሁን የአፍሪካ ገበያ ተከፍቶላችኋል ብንላቸውና ወረቀቱ ቢያቅታቸው፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

መቼም ስምምነቱ ለትንሹ ነጋዴ ምንም አላሰበም አይባልም። አባሪ 2 ላይ ጥሩ ነገር አለ። ጭነቱ ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ማንኛውም ላኪ የዕቃውን የስሪት ሀገር ራሱ በሚሰጠው መግለጫ ማሳወቅ ይችላል። የምስክር ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለበትም ማለት ነው። ለባለ አንድ መኪናው ነጋዴ ከዚህ የበለጠ አንቀጽ የለም። ነገር ግን የማውቃቸው ትንንሽ ላኪዎች ስለዚህ መብት ሰምተው አያውቁም። ነጋዴው ቢሰማ እንኳ አይበቃም። ኬላ ላይ ያለው ፈታሽ ካልሰማ፣ መግለጫው «ማኅተም የት አለው?» ተብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ርካሽ ነው። ይህችን አንቀጽ በአንድ ገጽ፣ ሰው በሚገባው አማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጽፋችሁ በየጠረፉ የጉምሩክ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ነጋዴው ጣቱን ጠቁሞ «ይኸው ተጽፏል» የሚልበት ነገር ይኑረው። ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር ተነጋግራችሁም ሠራተኞቹን አሰልጥኑ።

ሕንፃ በመሥራት በኩል ወደኋላ አላልንም። ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች በአንድ ቦታ የሚያስተናግዱበት የጋራ የድንበር ጣቢያ በዲሴምበር 2020 ተመርቋል። ሁለት ጊዜ መቆም ወደ አንድ ሲወርድ ለከባድ መኪና ትልቅ እፎይታ ነው። ጥቂት ኩንታል ይዞ የሚሻገረው ሰው ግን ወረቀቱ ከከበደው ጣቢያውን ዞሮ ያልፋል። ያኔ ስሙ ኮንትሮባንዲስት ይሆናል። ሁሉም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዓይን ያወጣ ኮንትሮባንዲስትም ሞልቷል። ግን ሕጋዊው መንገድ ከሕገወጡ የሚረዝም ከሆነ፣ ሰውን ወደ ጫካ የምንገፋው እኛው ነን። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ለትንንሽ ነጋዴዎች የቀለለ የንግድ ሥርዓት ያዘጋጀው ይህን አይቶ ነው። እግረ መንገዴን፣ ኮሜሳ በ2000 ነፃ የንግድ ቀጣናውን ሲጀምር ዘጠኝ ሀገሮች ሲገቡ እኛ አባል ሆነን ውጪ ቆመን ቀርተናል። የአሁኑም እንዲያ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ሌላው ነገር ደስ የማይል ነው፤ ቢሆንም መነሳት አለበት። በትስስር የሚጎዳም አለ። የጎረቤት ሀገር ሳሙና ወይም ብስኩት በርካሽ ሲገባ ገዢው ይደሰታል፤ እዚህ ያለው ፋብሪካ ግን ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። ይህን አድበስብሶ ማለፍ ውሎ አድሮ ስምምነቱን ራሱን ይገድለዋል። ምሥራቅ አፍሪካ አይታዋለች። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በ1967 የመሠረቱት ማኅበረሰብ በ1977 ፈረሰ። የዩጋንዳው መሪ የኢዲ አሚን ጉዳይ ነበረበት፣ የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ነበረበት። ከሥር ግን «ጥቅሙ ሁሉ ወደ ኬንያ ሄደ» የሚል ቅሬታ ሲብላላ ኖሯል። የጋራ አየር መንገዳቸው ሳይቀር አብሮ ከሰመ። ማኅበረሰቡን መልሶ ለማቋቋም ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

ናይጄሪያንም ተመልከቱ። በጁላይ 2019 የአህጉሩን ስምምነት ፈረመች። በቀጣዩ ወር የየብስ ድንበሯን ለንግድ ዘጋች፤ የከፈተችው በዲሴምበር 2020 ነው። ምክንያቷ ሩዝን የመሰለ ዕቃ በኮንትሮባንድ እየገባ ገበሬዬን ጎዳብኝ የሚል ነበር። መፍትሔው ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ቅሬታው ግን የፈጠራ አልነበረም። የሚጎዳውን ቀድሞ ያላሰበ መንግሥት መጨረሻ ላይ በሩን ይዘጋል።

እኛ የገባንበት የአህጉሩ ስምምነት ለመዘጋጃ የሚሆን ጊዜ ሰጥቷል። ቀረጡ በአንድ ሌሊት አይወርድም። 90 በመቶ የሚሆነው የዕቃ ዓይነት ደረጃ በደረጃ ነው የሚቀንሰው። 7 በመቶው ጥንቃቄ የሚሻ ተብሎ ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል፤ እስከ 3 በመቶው ደግሞ ጭራሽ ላይነካ ይችላል። የተሰጠው ጊዜ የሚጠቅመው ግን ለሚያውቀው ሰው ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ዘርግቶ በታሪፍ ቁጥር የራሱን ዕቃ የሚፈልግ ባለ ፋብሪካ ብዙ አላጋጠመኝም። የሳሙና አምራቹ «የእኔ ዕቃ ቀረጥ በየትኛው ዓመት በስንት ይቀንሳል?» ብሎ በስልኩ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። ማሽን ልቀይር ወይስ ሥራ ልቀይር ብሎ የሚወስነው ይህን ሲያውቅ ነው። ባንክም ብድር ሲጠይቀው ይህንኑ ቢያይ አይጎዳም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ቁጥር ነው። «ይህን ያህል ቶን ተላከ» የሚል ሪፖርት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እሱም ይምጣ። አብሮት ግን በየዓመቱ ሌላ ሠንጠረዥ ይውጣ፦ በነፃ ንግዱ የተጠቀሙት ላኪዎች ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ከ5,000 ዶላር በታች በራሳቸው መግለጫ ላኩ? ስንቱ መግለጫ ኬላ ላይ ውድቅ ሆነ፣ በምን ምክንያት? ከጎረቤት ሀገር የገቡት ዕቃዎችስ የትኞቹ አምራቾቻችን ላይ ጫና አሳደሩ? ሠንጠረዡ ቢያሳፍር እንኳ ይውጣ። አንድ ትልቅ ላኪ ብቻውን መርከብ ሞልቶ ቶኑን ሊያሳምረው ይችላል፤ ባለ አንድ መኪናው ገብቶበት እንደሆነ ግን ከቶኑ ላይ አይታይም።

የግድግዳውን ወረቀት በተመለከተ፣ ረቂቁን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ካጣችሁ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰነድ ሠራተኛ