የሮን ወንዝ የምግብ ጉዞ በወደብ ቆይታው ይመዘን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ በፈረንሳይ የሶንና የሮን ወንዞች ላይ ስለሚደረገው የምግብና የወይን ጠጅ የመርከብ ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በታላቅ ፍላጎት አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የመኝታ ክፍሎቹን፣ የእራት ገበታውንና የወይን ጠጁን ዓይነት በሚገባ ቢገልጽም፣ መርከቡ በየከተማው መቼ ደርሶ መቼ እንደሚነሣ አልጠቀሰም። በሊዮን የምኖር እንደመሆኔ፣ ለምግብ ብሎ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንን ይመስለኛል። የዚህ አገር ምግብ ያለው በወንዙ ዳርና ዳር ነው፤ የሚገኝበትም ሰዓት የተወሰነ ነው።

ገበያውን ላስቀድም። በሊዮን የሶንን ወንዝ ተከትሎ በሳንት አንትዋን ዳርቻ የሚዘረጋው ገበያ ጠዋት ቆሞ ከቀትር በኋላ ይነሣል። በአርል ከተማም ቅዳሜ ጠዋት በቡልቫር ዴ ሊስ የሚቆመው ሰፊ ገበያ የወይራ ፍሬውን፣ የፍየል አይቡን፣ ካማርግ ከተባለው የአካባቢው ረግረጋማ ምድር የሚመጣውን ሩዝና ጨው በአንድ ጎዳና ላይ ያሰባስባል፤ ከሰዓት በኋላ የደረሰ መንገደኛ ግን የሚያገኘው የተጠረገ መንገድ ብቻ ነው። በቡርጎኝ የወይን አገር ያለችው የቦን ከተማ ትልቁ ገበያም ቅዳሜ ስለሚውል፣ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ተጓዡ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የቱን እንደሚፈልግ ይወስን።

የወይን እርሻዎቹም ሁሉም ወደቡ ላይ አይደሉም። ወደ ቦን የሚሄዱ ተጓዦች አብዛኛውን ጊዜ ከመርከብ የሚወርዱት በሻሎን ሱር ሶን ሲሆን፣ የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ይጨርሱታል። ቦን ደርሶ በጥድፊያ መመለስ ደግሞ የሚያሳዝን ነው። የቡርጎኝ መስፍን ቻንስለር የነበረው ኒኮላ ሮላን እ.ኤ.አ. በ1443 ለድሆች ያቋቋመው ሆስፒታል፣ ባለ ቀለም ሸክላ ጣሪያውን እንደያዘ እስከ ዛሬ ቆሟል። ምእመናን በየዘመኑ በኑዛዜ የተዉለት የወይን እርሻዎችም ስላሉት፣ የሚጠመቀው ወይን ጠጅ ከ1859 ጀምሮ በኅዳር ወር በጨረታ ይሸጣል። በዚህች ከተማ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃና በብርጭቆ የሚቀርበው ወይን ጠጅ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ ይህን ለመረዳትም ቢያንስ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

አቪኞንም እንዲሁ ነው። የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ከ1309 እስከ 1377 መንበራቸውን በዚያ አድርገው ሳለ፣ ዮሐንስ 22ኛ ከከተማው በስተሰሜን ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ዛሬ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባለው የወይን መንደር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1923 የመንደሩ ገበሬዎች ከወይን አምራቹ ባሮን ለ ሯ ጋር ሆነው የወይኑን ክልልና የተክሉን ዝርያ የሚወስን ደንብ አወጡ፤ ፈረንሳይ ኋላ ለመላ አገሪቱ የወይን ጠጅ መጠሪያዎች ለዘረጋችው ሥርዓትም ይህ ደንብ አርአያ ሆነ። ድብልብል ድንጋይ በሞላበት በዚያ ማሳ ላይ ቆሞ ይህን ታሪክ ከገበሬው መስማት፣ በመርከቡ ሳሎን ሦስት ብርጭቆ ከመቅመስ እጅግ የተለየ ነው።

በአንጻሩ ቪቪዬን የመሰለች ትንሽ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ረጅም ቆይታ አትጠይቅም፤ ከወደቡ በእግር ወጥቶ ጠባብ መንገዶቿንና ካቴድራሏን ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

መርከቦቹ ቀኑን ለከተማ ለመተው ሲሉ ሌሊት መጓዛቸውን እደግፋለሁ፤ ከሊዮን እስከ ባሕሩ ድረስ መርከብ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ 12 የውሃ በሮች ስላሉ ጉዞው ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ አሠራር ይጎዳል። ከቪየን እስከ ቱርኖን ባለው መንገድ፣ ኮት ሮቲና ኤርሚታዥ የተባሉት የወይን እርሻዎች ቀጥ ያሉ ኮረብታዎች በድንጋይ እርከን ተደግፈው ከወንዙ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ወይኑም በእጅ ካልሆነ አይለቀምም። ይህ ክፍል በቀን ብርሃን መታየት አለበት። 23 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የቦሌንን የውሃ በር በሌሊት ማለፍ ግን ብዙ አያጎድልም።

ስለ እራቱ አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡ ሊዮን በሚያድርበት ምሽት የራሱን እራት ትቶ መንገደኞቹን ወደ ከተማዋ ቢያወጣቸው መልካም ነው፤ ወጥ ቤቷ ኡጄኒ ብራዚዬ በ1933 በሁለት ምግብ ቤቶቿ ሚሽላን ከተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ መጽሐፍ ስድስት ኮከብ ያገኘችበት፣ የብሬስ ዶሮና ከወንዝ ዓሣ የሚሠራው ኬኔል የተባለ ድብልብል ምግብ በየሰፈሩ የሚቀርብበት ከተማ ነውና። ቡሾን የሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ እሑድ ስለሚዘጉ፣ ሊዮን የሚታደርበት ምሽት የሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሆነም መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ ጉዞ ስታስተዋውቁ፣ መርከቡ በየወደቡ የሚደርስበትንና የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ከወደቡ እስከ ከተማው ወይም እስከ እርሻው ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም ወንዙ ሞልቶ ጉዞ ሲቋረጥ አዘጋጁ ምን እንደሚያደርግ ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሊዮን፣ ፈረንሳይ